ፋይተር «እመታለሁ» ከማለት ሌላ ብዙ ሥራ አለው

ሰሞኑን በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) ተጫዋቾች መካከል ስለ ጨበጣ ውጊያ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እየዞረ ነው። ክሱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በጨበጣ የሚዋጋ ገጸ ባሕርይ የያዘ ተጫዋች ተራው ሲደርስ «እመታለሁ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። መገፍተርና ጠፍንጎ መያዝ ጥቃት ማባከን ነው። መሣሪያዎቹ ከዳይሳቸው በስተቀር አንድ ናቸው። ቀስት ሁልጊዜ ከሰይፍ ይበልጣል። የአጋጣሚ ጥቃት (ከጠላት አጠገብ ሲርቁ ጠላት የሚሰነዝረው ምት) ሁሉንም በቆመበት ቸንክሮ ያስቀረዋል። ዊዛርድ (ድግምተኛ) ባለበት ፋይተር (በመሣሪያ የሚዋጋው) ትርፍ ነው። ተጨማሪ ምርጫ ይሰጠው ቢባል ደግሞ ጨዋታው ይንቀራፈፋል።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው ጨዋታውን የሚወዱ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ግን አዲስ ተጫዋች ይህን አንብቦ ያዘጋጀውን ፋይተር ቢጥለው ከልቤ አዝናለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር የጨበጣ ተዋጊን የሚለካው በየተራው በሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሌላ መለኪያ የለውም። ለእኔ ግን የጨበጣ ተዋጊ ዋና ሥራው ጠላት የት እንደሚቆም፣ ማንን መምታት እንደሚችልና ማን ጋ መድረስ እንደማይችል መወሰን ነው። ጉዳት ማድረስ ሌሎችም ይችላሉ። ይህን ግን ፊት ለፊት ከቆመው ሰው የተሻለ የሚሠራው የለም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶቼ ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነው።

«ምርጫ የለውም» በሚለው እንጀምር። በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የአምስተኛው እትም መመሪያ ብቻ እንኳ ማንኛውም ተዋጊ በተራው መምታት፣ መገፍተር፣ ጠፍንጎ መያዝ፣ ዘወር እያለ ራሱን መከላከል፣ ጓደኛውን ማገዝ፣ ምት ሳያገኘው ማፈግፈግ ይችላል። ጠላት በር ላይ ብቅ እስኪል አድፍጦ መጠበቅም ይችላል። ፋይተር 5ኛ ሌቭል (ደረጃ) ሲደርስ በአንድ አክሽን (በተራው በሚያደርገው ዋና ድርጊት) ሁለት ጥቃት ያገኛል። ከሁለቱ አንዱን በግፍተራ ወይም በመያዝ መተካት ተፈቅዶለታል። በሁለቱ መካከል መራመድም ይችላል። አንዱን መትቶ፣ 10 ጫማ ተራምዶ፣ ሌላውን መገፍተር የአንድ ተራ ሥራ ነው።

ባትል ማስተር የሚባለውን የፋይተር ዘርፍ ለመረጠ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። 3ኛ ሌቭል ላይ ሦስት ስልቶችን ይማራል፤ ስልቶቹን የሚያንቀሳቅሱ አራት ባለ 8 ዳይሶችም ይሰጡታል። ጠላትን የሚጥል ስልት አለ። መሣሪያውን የሚያስጥል አለ። የሚያስፈራራ አለ። የራስን አንድ ጥቃት ትቶ ጓደኛ እንዲመታ የሚያዝም አለ። ዳይሶቹ ካለቁ አጭር እረፍት ይመልሳቸዋል።

ጸሐፊው «ከጥንትም እንዲሁ ነበር» ማለታቸውንም አልቀበልም። ጨዋታው በ1974 ሲወጣ ስለነበረው አልከራከርም። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ግን ጠልፎ መጣል፣ መሣሪያ ማስጣል፣ መሣሪያ መስበር፣ ገፍቶ መውሰድና ትግል ነበረው። ችግሩ ቅጣቱ ነበር። ልዩ ክህሎት የሌለው ሰው ጠላትን ልጥለፍ ሲል ጠላት በቅድሚያ ይመታዋል። በ2003ቱ ማሻሻያ ያንን ክህሎት ለማግኘት ሌላ ክህሎት ይቀድማል፤ ለዚያኛው ደግሞ 13 ኢንተለጀንስ ያስፈልጋል። ጉልበተኛ ተዋጊ ሰው ጠልፎ ለመጣል አእምሮው ላይ ነጥብ ማፍሰስ ነበረበት! በ2008 አራተኛው እትም በተቃራኒው ሄዶ ለፋይተር እንደ ዊዛርድ ሁሉ በየተራው፣ በየውጊያው እና በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ችሎታዎች ሰጠው። ታሪኩ እንግዲህ ምርጫው አንዴ ሲቀጣ አንዴ ሲፈታ የኖረበት ታሪክ ነው። ጸሐፊው ምርጫዎቹ በ2014ቱ መመሪያ ውስጥ ጎልተው አልተጻፉም ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። አንዳንዶቹማ ለጨዋታው መሪ በተዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ እንደ አማራጭ ሕግ ተሸጉጠው ነው የተቀመጡት።

ወደ ግፍተራው ልምጣ። የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እቆያለሁ።

ጸሐፊው የሚሉት ይህ ነው፦ ሁለት ጥቃት አለህ፣ አንዱን ለግፍተራ ከሰጠህ ግማሽ ጉዳትህን ጣልክ። እስቲ በቁጥር እንየው። 5ኛ ሌቭል የደረሰ ፋይተር አለን። ጉልበቱ 18 ነው። ረጅም ሰይፍና ጋሻ ይዟል፤ በአንድ እጅ መሣሪያ ሲዋጋ 2 ጉዳት የሚጨምረውን የውጊያ ስልትም መርጧል። ሲመታ ባለ 20 ዳይሱ ላይ 7 ይጨምራል፤ ሲያገኝ በአማካይ 10.5 ጉዳት ያደርሳል። ፊቱ የቆመው ጠላት ብረት ለብሷል፣ አርመር ክላሱ (እሱን ለማግኘት መምጣት ያለበት ቁጥር) 18 ነው። ስለዚህ ፋይተሩ የማግኘት ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሁለቴ ቢመታ በአማካይ 10.5 ጉዳት ያደርሳል። ቀላል እንዲሆን ክሪቲካልን (ዳይሱ 20 ሲያመጣ የሚጨመረውን ጉዳት) ትቼዋለሁ።

አሁን በመጀመሪያው ጥቃት ፈንታ ይገፍትረው። በተሻሻለው የ2024ቱ ሕግ ጠላት ለመቋቋም 15 ማምጣት አለበት። ዳይሱ ላይ የሚጨምረው 2 ከሆነ 60 በመቶ ያህል ጊዜ ይወድቃል። መሬት ላይ የተዘረረን ጠላት በ5 ጫማ ውስጥ ሆኖ የሚመታ ሰው አድቫንቴጅ አለው፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። 50 በመቶ የነበረው ዕድል 75 ይሆናል። የፋይተሩ የራሱ አማካይ ጉዳት ከ10.5 ወደ 6.8 ገደማ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ሒሳቡን ግን እዚህ ላይ አቁመውታል። ከጠላት በፊት ተራቸው የሚደርስ ሁለት ጓደኞች አሉ እንበል። አንዷ ፓላዲን (ቅዱስ ተዋጊ) ናት፤ በትልቅ ሰይፍ ሁለቴ ትመታለች፣ እያንዳንዱ ምት በአማካይ 11 ነው። ሌላው ሮግ (አድፍጦ የሚወጋ) ነው፤ አንዴ ሲያገኝ በአማካይ 19 ጉዳት ያደርሳል። ሁለቱም እንደ ፋይተሩ 50 በመቶ ዕድል ቢኖራቸውና አድቫንቴጅ የሚያገኙበት ሌላ መንገድ ባይኖር፣ ግፍተራው የመሳካት ዕድሉ ታስቦ ለፓላዲኗ 3.3፣ ለሮጉ 2.85 ይጨምርላቸዋል። በድምሩ ከ6 በላይ ነው። ፋይተሩ ያጣው 4 እንኳ አይሞላም። ቡድኑ አትርፏል። በፋይተሩ ወረቀት ላይ ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ትርፉ አይታይም።

መጠንቀቅም ያስፈልጋል። የተዘረረን ጠላት ከሩቅ በቀስት የሚመታ ዲስአድቫንቴጅ አለበት፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ይወስዳል። ስለዚህ ቡድናችሁ ቀስተኛ የበዛበት ከሆነ ግፍተራው ጓደኞቻችሁን ይጎዳል። ጠላትም ተራው ሲደርስ የእርምጃውን ግማሽ ከፍሎ ይነሣል። ከእናንተ ቀጥሎ ወዲያው ተራው የሚደርሰው እሱ ከሆነ አትድከሙ። የተራ ቅደም ተከተሉን ሳያዩ መገፍተር ትርጉም የለውም።

እንዳይነሣ ማድረግም ይቻላል። ያው ፋይተር ጋሻውን ትቶ ሰይፉን በአንድ እጁ ይያዝ፣ ሌላው እጁ ባዶ ይሁን። በመጀመሪያው ጥቃት ይገፍትር፣ በሁለተኛው ጠፍንጎ ይያዝ። የተያዘ ሰው ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ፍጥነቱ ዜሮ የሆነ መነሣት አይችልም። ተዘርሮ ስለሆነ ሲመታም ዲስአድቫንቴጅ አለበት። ለመላቀቅ ደግሞ ሙሉ አክሽኑን መክፈል አለበት፣ ያውም ከተሳካለት። ፋይተሩ አክሽን ሰርጅ የተባለውን፣ ተጨማሪ አክሽን የሚሰጠውን ችሎታ ገና ካልጨረሰ በእሱ እዚያው ላይ ሁለት ምት ይጨምራል፣ ሁለቱም በአድቫንቴጅ። ከአንድ ደረጃ በላይ የሚገዝፈውን ፍጡር መያዝ አይቻልም፤ ግዙፍ ዘንዶ ላይ አይሠራም። በሰው ቁመና ላለ የጠላት አለቃ ግን እንዲህ ያለ ተራ ከባድ ነው።

«መሣሪያዎቹ አንድ ናቸው» የሚለው ክስ በ2014ቱ ሕግ ብዙ እውነት ነበረው። ረጅሙ ሰይፍና የጦር መጥረቢያው በዋጋና በክብደት ብቻ ነበር የሚለያዩት። ዳይሳቸው፣ የጉዳታቸው ዓይነት፣ በሁለት እጅ ሲያዙ የሚሆኑት ሁሉ አንድ ነው። ይህ እኔንም ያናድደኝ ነበር።

በ2024 ግን ለየመሣሪያው ልዩ ውጤት የሚሰጥ፣ ማስተሪ የሚባል ሕግ መጣ። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ በዚህ አልስማማም። አሁን ረጅም ሰይፍ ሳፕ አለው፦ ያገኘኸው ጠላት የሚቀጥለው ጥቃቱ በዲስአድቫንቴጅ ይሆናል። መጥረቢያው ቶፕል አለው፦ ጠላት ካልተቋቋመ ይወድቃል፣ ጥቃትም አትከፍልበትም። ትልቁ ሰይፍ ብትስተውም እንኳ ከጉልበትህ የምታገኘውን ጭማሪ ያህል ይጎዳል። ሃልበርድ (ረጅም ዘንግ ያለው መጥረቢያ) አጠገብ ያለውን ሁለተኛ ጠላት እንድትመታ ይፈቅዳል። የጦር መዶሻው ጠላትን 10 ጫማ ያርቃል። ፋይተር ከ1ኛ ሌቭል ጀምሮ በሦስት መሣሪያዎች ላይ ይህን ይጠቀማል። 9ኛ ሌቭል ላይ ደግሞ የያዘው መሣሪያ ማስተሪ በማራቅ፣ በማዘግየት ወይም በሳፕ እንዲተካለት ማድረግ ይችላል።

እንግዲህ መሣሪያ ስትመርጥ «የትኛው ዳይስ ይበልጣል» ብቻ አትልም። ከኋላህ ደካማ ዊዛርድ ካለች ጠላትን የሚያርቅ መዶሻ ትይዛለህ። ጎንህ ሮግና ፓላዲን ካሉ የሚጥል መጥረቢያ። ብቻህን ፊት ትቆማለህ ከተባለ ሳፕ ያለው ሰይፍ። በአንድ ውጊያ መካከል መሣሪያ መቀያየርም ራሱን የቻለ ምርጫ ሆኗል።

ቀስት ይበልጣል ለሚለው፣ በሰፊ ሜዳ ላይ አልከራከርም። ረጅም ቀስት 150 ጫማ ያለ ችግር ይመታል። የቀስተኛ የውጊያ ስልት የማግኘት ዕድል ላይ 2 ይጨምራል፤ ለጨበጣ ግን እንዲህ ያለ የለም። በ2014ቱ ሕግ ከማግኘት ዕድል 5 ቀንሶ ጉዳት ላይ 10 የሚጨምረው የቀስት ክህሎትም በጣም ኃይለኛ ነበር። በ2024 ያ ቀርቷል።

ውጊያው የሚካሄደው ግን በአብዛኛው ሜዳ ላይ አይደለም። ዋሻ ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ በጨለማ የሚያዩ ዘሮች የሚያዩት 60 ጫማ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የቀስቱ ርቀት እዚያ ውስጥ ዋጋ የለውም። ጠላት በተለመደው የ30 ጫማ ፍጥነት አክሽኑንም ለሩጫ ካዋለ በአንድ ተራ 60 ጫማ ይደርሳል። ደረሰ ማለት ቀስተኛው 5 ጫማ ላይ ጠላት አለበት፤ ችግሩን የሚያስወግድለት ክህሎት ካልወሰደ ዲስአድቫንቴጅ ያዘው። ሁሉም ቀስት የያዘበት ቡድን ይህ የሚደርስበት በሁለተኛው ዙር ነው። ቀስተኛ በነጻነት የሚተኩሰው ፊቱ የቆመ ሰው ሲኖር ነው። ጸሐፊው የቀስተኛውን ውጤት ሲቆጥሩ ያንን ሰው አልቆጠሩትም።

የአጋጣሚ ጥቃት ሁሉንም ይቸነክራል የሚለው ነጥብ በብዙ ጠረጴዛ ላይ የማየው ነው። ተጫዋቾች ጠላት አጠገባቸው ከደረሰ በኋላ ንቅንቅ አይሉም። ሕጉ ግን እንዲህ አያስገድድም። የአጋጣሚ ጥቃት የሚመጣው ከጠላት የመድረሻ ክልል ሲወጡ ብቻ ነው። ክልሉ ውስጥ ሆኖ ጠላትን መዞር ይቻላል። ጠላትም ሪአክሽኑ (ከተራው ውጭ የሚሰጠው ምላሽ) በዙር አንድ ነው፤ አንዱን ከመታ ሌላው በነጻ ያልፋል። ወፍራም ጋሻ ያለው ሰው ቀድሞ ቢወጣና ምቱን ቢወስድ ቀሪው ቡድን ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ተገፍቶ የሚንቀሳቀስ ፍጡር የአጋጣሚ ጥቃት አያስነሣም። ዊዛርዷ አጠገብ ኦርክ የሚባል ጠላት ቆሟል እንበል። ከራሷ ብትሮጥ ይመታታል። ፋይተሩ መጥቶ ኦርኩን 5 ጫማ ቢገፋው፣ ኦርኩ ከዊዛርዷ ርቋል። በተራዋ አክሽኗን ሳታባክን ተራምዳ ትሄዳለች፣ ድግምቷንም ትለቃለች። ይህ ግፍተራ አንዲት ነጥብ ጉዳት አላደረሰም። በጸሐፊው መለኪያ ዜሮ ነው። በዚያ ውጊያ ውስጥ ለነበረችው ዊዛርድ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ዊዛርድ ካለ ፋይተር ትርፍ ነው? በከፍተኛ ሌቭል ጨዋታው ወደ ድግምተኞች ማዘንበሉን አልክድም። 17ኛ ሌቭል ላይ ምኞትን የሚፈጽም ድግምት ካለው ሰው ጋር ሰይፍ ይዞ መወዳደር አይቻልም። 5ኛ ሌቭል ላይ ያለ ዊዛርድ ግን ያለ እረፍት የእሳት ኳስ ሊለቅ የሚችለው ሁለት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ውጊያ ሲመጣ ፋይተሩ እንደ መጀመሪያው ይመታል። አብዛኞቹ ሜዳ የሚቆጣጠሩ ድግምቶችም ትኩረት ይጠይቃሉ። ድግምተኛው በተመታ ቁጥር ዳይስ ጥሎ ቢያንስ 10 ካላመጣ ድግምቱ ይጠፋል። ጠላት ወደ እሱ እንዳይደርስ የሚያደርገው ማን ነው?

አብረው ሲሠሩ ደግሞ ከሁለቱም ድምር ይበልጣሉ። ድሩይድ (የተፈጥሮ ድግምተኛ) መሬቱን እሾህ የሚያደርግ ድግምት ዘርግታለች እንበል። በዚያ ላይ የሚንቀሳቀስ ሁሉ በየ5 ጫማው ሁለት ባለ 4 ዳይስ ጉዳት ይደርስበታል። ዳር ላይ ቆሞ የነበረውን ጠላት ፋይተሩ በመዶሻ መትቶ 10 ጫማ ወደ ውስጥ ሰደደው። በአማካይ 10 ጉዳት ተጨመረ፣ ከመዶሻው ምት ሌላ። ተመልሶ ለመውጣት በራሱ እግር እሾሁን ይረግጣል። ሲወጣ እንደገና ይመታና ይመለሳል። «ድግምተኛዋ ናት የሠራችው» ማለት አይቻልም፤ ፋይተሩ ብቻውን ሠራ ማለትም እንዲሁ።

ጨዋታው ይንቀራፈፋል የሚለው ስጋት ይገባኛል። በሦስተኛው እትም ትግል ሲጀመር መጽሐፍ መገለጥ ነበረበት። ግን ያ የሆነው ሕጉ ስለተወሳሰበ ነው። የ2024ቱ ግፍተራ አንድ ዳይስ ነው፣ የሚጥለውም ጠላት ነው። በ2019 የወጣውን የፓዝፋይንደር (የሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ) ሁለተኛ እትም ተመልከቱ። እያንዳንዱ ሰው በተራው ሦስት አክሽን አለው። ሁለተኛው ጥቃት 5፣ ሦስተኛው 10 ይቀነስበታል። ስለዚህ ሦስተኛውን አክሽን ጋሻ ለማንሣት ወይም ጠላትን ለማስፈራራት ማዋል ከሦስተኛ ምት ይሻላል። ሰው በተፈጥሮ ምርጫ ይለምዳል። የሚያዘገየው ተራው እስኪደርስ ሳያስብ የሚቆይ ተጫዋች ነው። ለአዲስ ተጫዋች ሦስት ነገር በወረቀት ጻፉለት፦ ጠላት ብቻውን ሲሆን ምን፣ ጓደኛ ሲከበብ ምን፣ ጠላት ገደል ወይም እሳት አጠገብ ሲቆም ምን። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

የቀረው በጽሑፉ መጨረሻ ላይ የተነሣው፣ ከሁሉም ጠንካራው ነጥብ ነው፦ የሚበር ጠላት። ሰይፍ አይደርስበትም። እውነት ነው፣ ለዚህም ነው ማንኛውም የጨበጣ ተዋጊ ጥቂት ጃቬሊን (የሚወረወር ጦር) መያዝ ያለበት። የሚወረወረው በጉልበት ስለሆነ ሌላ ነጥብ ማሳደግ አያስፈልግም፤ 30 ጫማ ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል። ባትል ማስተር ከሆናችሁማ የመጣያው ስልት በተወረወረ ጃቬሊንም ይሠራል። ስልቱ የሚሠራው መጠኑ ላርጅ (ከሰው አንድ ደረጃ የሚበልጥ) ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍጡር ላይ ነው፤ ዋይቨርን (ዘንዶ መሰል በራሪ) ወይም ወጣት ዘንዶ ላርጅ ስለሆነ ይመለከተዋል። 30 ጫማ ከፍታ ላይ አገኛችሁት፣ አልተቋቋመም። በአየር ላይ የተዘረረ፣ ያለ አስማት በክንፉ የሚበር ፍጡር ይወድቃል። በየ10 ጫማው አንድ ባለ 6 ዳይስ፣ ማለትም ሦስት ዳይስ የመውደቅ ጉዳት። ከዚያ መሬት ላይ ተዘርሯል፣ ለመነሣት ገና ተራው አልደረሰም። ከሱ በፊት ደግሞ የፓላዲኗና የሮጉ ተራ ነው።